ጋቢናው የማን ነው?

ያቺን መኪና ገና በግቢው በር ስትገባ ነው የጠላኋት። ዛሬ ሰው ሁሉ «እናንተ እኮ በዚያች መኪና ስትሄዱ ታምራላችሁ!» ይለናል። እናምራለን እንዴ! ስንት ዕንባ እንዳስለቀሰችኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለ እሷ ማውራት ያለብኝም እኔ ነኝ፤ ባሌ ከጀመረ ስለ ሞተሯ ብቻ አውርቶ ነው የሚጨርሰው።

የምንኖረው ሚዛን ተፈሪ ነው። እኔ የሸኮ ልጅ ነኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመላለሱባት አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ባሌ ቡና ነጋዴ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ግን ከሰሜን የመጡ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱ ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ። እሳቸውን ከጠየቃችሁ ግን ከእሳቸው ጋር የምንኖረው እኛ ነን። ከተጋባን ስምንት ዓመት ሆኖን፣ ልጅ ሳንወልድ፣ ባሌ ያንን እንጀራ የሰጠንን ደህና ፒካፕ ሸጦ ስፖርት መኪና ገዛ።

ስፖርት መኪና ስላችሁ አዲስ እንዳይመስላችሁ። አሮጌ ናት። ቀይ፣ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፤ ጣራዋ ወገቤ ጋ ነው የሚደርሰው፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር አይርቅም። አዲስ አበባ ቡና ሊያስረክብ ሄዶ አንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ አያት፤ በሳምንቱ ይዟት ከተፍ አለ። ከጅማ ወዲህ ያለውን መንገድ እንዴት እንዳለፈው እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ይሄ እኮ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ማቆሙን የሚረሳበት፣ ጭቃው ትልልቅ የጭነት መኪና የሚውጥበት አገር ነው! የባጃጅ ሾፌሮች በዚያው ቀን ስም አወጡላት። «ሳሙናዋ» አሏት፤ ጭቃ ላይ ስትንሸራተት አይተው ነው።

አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበረንዳው ወረዱ። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ጎንበስ ብለው በመስኮቷ ውስጧን አዩ።

«ወንበሩ ሁለት ብቻ ነው?» አሉ።

«ሁለት ብቻ ነው፣ እማዬ።»

ቀና አሉና መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ሆዴን አዩ። «እሱስ፣ ሰው እንደ ቤቱ ነው መኪና የሚገዛው» አሉ።

ይህን ሲሉ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ቆሟል። አንድም ሰው አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ባሌ ደግሞ ምንም እንዳልሰማ የፊቱን ጎማ በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል። የሰውዬው ጠባይ ይሄ ነው፤ እናቱ ክፉ ሲናገሩ ጎማ ይመታል፣ ጎማ ከሌለ ስልኩን ያያል።

ሐኪም ቤት ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ «አንቺ ምንም የለብሽም፣ ባለቤትሽ ይምጣና ይመርመር» ነው የተባልኩት። ባለቤቴ ግን ጊዜ የለውም። ቡና እየተለቀመ ነው፣ ቡና እየደረቀ ነው፣ ቡና እየተጫነ ነው። ይህን ለአማቴ የነገራቸው ሰው የለም። እኔ እንዳልነግራቸው ባሌን በእናቱ ፊት ማዋረድ ሆነብኝ፤ እሱማ መች ለእናቱ ነገር ነግሮ ያውቃል! ስለዚህ በዚያ ግቢ ውስጥ መካኗ እኔ ነኝ።

አሁን የጋቢናን ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር ጋቢና፣ ማለት ከሾፌሩ አጠገብ ያለው የፊት ወንበር፣ የትልቅ ሰው ነው። እናት ካለች የእናት ነው፤ ክርክር የለውም። በፒካፑ ጊዜ አማቴ ከፊት ይቀመጣሉ፣ እኔ ከኋላ ከጆንያውና ከዘመዱ ጋር እሄዳለሁ። ወግ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር፤ ሸኮም ብትሄዱ የእኔ እናት ጋቢና ነው የሚሰጣት። ግን ፒካፕ ኋላ አለው። ይህች መኪና ኋላ የላትም። ከፊት ያልተቀመጠ ሰው ቤቱ ነው የሚቀረው።

እናም ቀረሁ። ባልና ሚስት ሆነን መኪና ገዝተን፣ ሰባት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳልቀመጥባት! እሑድ ጠዋት ባሌ መኪናዋን አጥቦ ያስነሳታል፣ አማቴ ጋቢና ይገባሉ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እኔ ጭሳቸው ገና ከግቢው ሳይወጣ ባጃጅ አስቁሜ ወደ ራሴ ጸሎት ቤት እሄዳለሁ። የእሳቸው ሃይማኖት ሰው አለመሆኔም ከጥፋቶቼ አንዱ ነው፤ እሱን ተዉት።

የሚገርማችሁ አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከዱካ ሲነሱ እንኳ እመቤታችንን ሦስት ጊዜ ጠርተው ነው። ያቺ መኪና ላይ ደግሞ ሰው አይቀመጥባትም፣ ይወድቅባታል። አማቴ ጀርባቸውን ይሰጧትና ዓይናቸውን ጨፍነው ይለቁታል። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ይደርሳል። ሲወጡማ ብቻቸውን አይሆንላቸውም፤ አንድ ሰው እግራቸውን አቅፎ ወደ ውጭ ማዞር አለበት፣ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ይዞ መሳብ። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናዋ ግቢ ስትገባ «የታለች?» ይላሉ፤ እኔም የያዝኩትን ጥዬ እሄዳለሁ።

አንድ እሑድ እየሳብኳቸው፣ «እማማ፣ ለጉልበትዎ በባጃጅ ቢሄዱ አይሻልዎትም?» አልኳቸው፤ ከአንገቴ በላይ አዝኜ።

«ልጄ የገዛውን መኪና ትቼ በባጃጅ!» አሉ። «ለምን? አንቺ ልትቀመጪበት ነው?»

አዎ፣ ልቀመጥበት ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ ስንት ነገር በሆዴ እንዳከማቸሁ!

በሰባተኛው ወር አማቴ ለክርስትና ተጠርተው ቦንጋ ሄዱ፤ በአውቶቡስ። በዚያው ጠዋት ባሌ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ደጃፍ ላይ መኪናዋን አቆመና «ዝጊው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቤቱን። ቴፒ እንሂድ።»

ሁለት ተማሪዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። ወረቀታቸውን መለስኩላቸውና ዘጋሁት። መኪናዋ ውስጥ ስገባ እንደ አማቴ ጀርባዬን ሰጥቼ ወደቅኩባት። ለካስ ከውስጥ ሆኖ ሲያዩት መንገዱ ሁሉ ከዓይን ጋር እኩል ነው! የዶሮ ዓይን ዓይን እያየሁ ነው የሄድኩት። ሆዷ ድንጋይ በነካ ቁጥር እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ፣ ባሌ «ምንም አልሆነችም፣ ምንም አልሆነችም» ይላል። ለማን እንደሚለው እንጃ።

ሸኮን እንዳለፍን ዝናቡ መጣ። አንዲት ትንሽ ቁልቁለት ላይ ሳሙናዋ እንደ ስሟ ተንሸራተተችና ጭቃ ውስጥ ቁጭ አለች። ባሌ ቢያስነሳ፣ ወደ ኋላ ቢል፣ ወደ ፊት ቢል፣ ወይ ፍንክች! ቡና ለቅመው የሚመለሱ ሰዎች ቅርጫታቸውን መንገድ ዳር አስቀምጠው ከበቡን። አንድ ሽማግሌ መኪናዋን በጣታቸው ነካ አደረጓትና በሸኮኛ አንድ ነገር አሉ፤ ሁሉም ሳቁ። ባሌ «ምን አሉ?» አለኝ። «ይቺ ገና አላደገችም፣ ለምን ከእናቷ ለያችኋት ነው የሚሉት» አልኩት።

ከዚያ ፊቷን አነሱ፣ ኋላዋን አነሱ፣ እንደ አልጋ እያዟዟሩ ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጧት። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቴ፣ በሳቅ ሞትኩ። ባሌም ጭቃ ፊቱ ላይ ተለጥፎ ሲስቅ አየሁት። ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ቴፒ ገብተን አናናስ ገዛንና መኪናዋ ላይ ተደግፈን በላን። ሙቀቱ ልብሳችንን በላያችን ላይ አደረቀው። ያኔ ጠየቅኩት።

«እንዲያው በሞቴ፣ ለምንድን ነው የገዛሃት?»

«ሁለት ወንበር ስላላት» አለ። ወደ እኔ አላየም። «ፒካፑ ላይ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ከጎኔ ተቀምጠሽ አታውቂም። እናቴ አለች፣ የአክስት ልጅ አለ፣ ደላላ አለ። ከአንቺ ሌላ ሰው የማይይዝ ነገር ፈለግኩ።»

ሆዴ ቅቤ ሆነ። ግን ወዲያው ቆጠርኩ።

«ታዲያ ሰባት ወር ሙሉ ማነው ሲቀመጥባት የከረመው?»

«እናቴን ውረጂ ልበላት?»

«አንተ መኪና ነው የገዛኸው እንጂ ወኔ አልገዛህም» አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አማቴ ከቦንጋ በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ የጸጉር ማስያዣዬን ጋቢናው ላይ አገኙት። በሁለት ጣታቸው እንደ ሞተ በረሮ አንጠልጥለው አወጡት። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ልጃቸውን። እሱ ስልኩን አየ። ወደ እኔ ዞር አሉና «እኔ ስሄድ ጠብቀሽ ነው የምትቀመጪው?» አሉኝ። እንደ ሌባ! በባሌ መኪና፣ እንደ ሌባ!

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከረረ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም፤ ምሳ ላይ አማቴ እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ እንዲህ አሉ። «ቴፒ የአገራችን ሰው አለ፣ የአባትህ ወዳጅ። ልጁ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ፤ የምታግዘኝ ሰው ያስፈልገኛል። ሐሙስ ሄደን እናመጣታለን።»

«የምታግዘኝ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለው ነገር በጎረቤት ቤት ሲሆን አይቻለሁ። ልጅቷ እማማን ልታግዝ ትገባለች። ዓመት ሳይሞላ ትወልዳለች። የፊተኛዋ ሚስት ወይ ሞግዚት ትሆናለች ወይ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ባልየው ምንም አላጠፋም፤ ለእናቱ አጋዥ ነው ያመጣው! ዓይኔ ደም ለበሰ። ሳህኑን አንስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ባሌን ብቻውን ሳገኘው ያዝኩት።

«ትሄዳለህ?»

«እማዬ ካለች ምን አደርጋለሁ? ደግሞስ ልጅቷ ብትመጣ ምን ታደርግሻለች?»

«እዚያ ስትደርስ ሚስት አለኝ በላቸው። ሌላ ምንም አልልህም። ሁለት ቃል ናት።»

«እሺ» አለ። የእሱን እሺ አውቀዋለሁ። እሺ ብሎኝ ያላደረገውን ብጽፈው የፎቶ ኮፒ ወረቀቴ ያልቃል።

ሐሙስ ማለዳ አማቴ የሚያምር ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ ለሽማግሌ የሚሰጥ ነገር በዘንቢል ያዙ፣ ጀርባቸውን ለመኪናዋ ሰጥተው ወደቁባት። «እግሬን» አሉኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ እግራቸውን አቅፌ አስገባሁ። ጣውንቴን ሊያመጡ ሲሄዱ እግራቸውን አቅፌ ያስገባሁ ሞኝ! ንዴቱ ዓይኔን ጋርዶት አንድ ግልጽ ነገር አልታየኝም። አማቴም አልታያቸውም። እሳቸው ጋቢና መቀመጥን እንደ መተንፈስ ስለለመዱት፣ ወንበር ይይዛሉ ብለው ራሳቸውን ቆጥረው አያውቁም።

ከሄዱ በኋላ ሻንጣዬን አወጣሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቴን አልከፈትኩም። ልብሴን አጣጥፌ ስጨርስ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ግቢው በር ላይ ተክዬ። ከጋቢናው የምትወርደው ልጅቷ ከሆነች እኔ በዚያው በር እወጣለሁ። ከስምንት ዓመት በኋላ ሸኮ፣ አባቴ ቤት፤ እናቴ «ምን ሆንሽ?» ስትል፣ ጎረቤት «ተመለሰች» ሲል እየሰማሁ። ምሳ አልበላሁም።

ስምንት ሰዓት አካባቢ የሞተሯን ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ ከመቶ መኪና መሃል እለየዋለሁ። ገባች፣ ቆመች። የጋቢናው በር ተከፈተ። እግር ወጣ። ያበጠ ቁርጭምጭሚት፣ ጥቁር ጫማ።

«የታለች?» አሉ አማቴ። «ነይና አውጪኝ!»

ብቻቸውን ናቸው። ሄጄ እግራቸውን አዞርኩ፣ እጃቸውን ይዤ ሳብኩ። እጄ የራሱን ሥራ ነው የሠራው። ቀና እንዳሉ ነጠላቸውን አውልቀው መኪናዋን በነጠላው መቷት።

«ጉድ ሠራኝ! በአገሬ ሰው ፊት ጉድ ሠራኝ!» አሉ፤ ግቢው ሙሉ እስኪሰማ። እያለቀሱም እየተሳደቡም ሁሉን ተናገሩት። ዶሮ ታርዶ ጠብቋቸዋል። በልተው ጠጥተዋል። ልጅቷ አዲስ ጫማ ተገዝቶላት፣ ሻንጣዋ ታስሮ፣ ተመርቃ ወጥታለች። መኪናዋ አጠገብ ሲደርሱ አባቷ በመስኮቱ አይተው «ልጄ የት ልትቀመጥ ነው?» ብለው ጠየቁ። አማቴም «በሚኒባስ ትከተለናለች» አሉ።

«መኪና ይዛችሁ መጥታችሁ ልጄን እንደ ጆንያ በሚኒባስ?» አሉ ሰውዬው። «እርስዎ በሚኒባስ ይሂዱ፣ ልጄ ጋቢና ትግባ።»

«እኔ? በልጄ መኪና? ለእሷ ለቅቄ?»

አማቴ ጋቢናቸውን ከሚለቁ ነፍሳቸውን ቢለቁ ይቀላቸዋል። ሰውዬውም ልጃቸውን ከማዋረድ ቢሞቱ ይመርጣሉ። ሁለቱም ወደ ባሌ ዞሩ።

«እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው?» አሉ አማቴ ደረታቸውን እየመቱ። «ወንበር የለኝም! ወንበር የለኝም ብሎ መኪናውን አስነሳ!»

አልዋሽም፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አማቴ እያነከሱ ወደ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉት። ባሌ የመኪናዋን መስተዋት በእጅጌው እየጠረገ ፈገግ አለልኝ።

«አየሽ?» አለ። «ወንበሩ ሁለት እንደሆነ እኔ ጠዋትም አውቅ ነበር።»

ልስመው ተነሳሁ። እውነቴን ነው፣ እጄን ዘርግቼ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ልቤን ወጋኝ።

«ምን አልካቸው?»

«ወንበር የለኝም።»

«ሚስት አለኝስ?»

ጎማውን መታ።

«አራት ወንበር ቢኖራትስ?» አልኩት። «በፒካፑ ሄዳችሁ ቢሆንስ ኖሮ?»

አሁንም ጎማውን መታ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ለካ ለእኔ የተከራከረልኝ ባሌ ሳይሆን መኪናዋ ናት። ፋብሪካው አንድ ወንበር ቢጨምርባት ኖሮ ያቺ ልጅ በዚያች ሰዓት ግቢዬ ውስጥ ሻንጣዋን እየፈታች ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አልተዋረድኩም። እናቱ በሆዴ ሲሰድቡኝ እንኳ እንደዚያ አላመመኝም።

ሻንጣዬን ከበረንዳው አነሳሁ፣ ጋቢናው ውስጥ ወደቅኩና ሻንጣውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

«ወዴት ነው?» አለ።

«ንዳ። የሸኮም የቴፒም መንገድ አንድ ነው። ሸኮ ስትደርስ ትመርጣለህ። ወይ አባቴ ቤት ታወርደኛለህ፣ ወይ ቴፒ ሄደህ ያላልከውን ትላለህ።»

እስከ ሸኮ ሆዷ ድንጋይ ሲነካ «ምንም አልሆነችም» እንኳ አላለም። የአባቴ ቤት መታጠፊያ ላይ የሙዝ ማሳ አለ። እዚያ ስንደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ቆመች። እኔም የሻንጣዬን እጀታ ያዝኩ። ከማሳው ጀርባ የአባቴ ቆርቆሮ ይታየኛል። እጄ በሩ ላይ ነበር።

«ስንት ቃል ነው ያልሽኝ?» አለ።

«ሁለት።»

ማርሽ አስገባና ቀጠለ።

ቴፒ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። የልጅቷ አባት ደጃቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። መኪናዋን ሲያዩ ተነሱ። «ደግሞ ምን ቀርቶህ መጣህ?» አሉ። ባሌ ወርዶ ፊታቸው ቆመ። ጎማው እግሩ አጠገብ ነበር፤ አልነካውም። እኔ መስኮቱን አውርጄዋለሁ።

«ሚስት አለኝ፣ አባባ» አለ። «ያቻት።»

ሰውዬው ዞር ብለው አዩኝ። «ትታው ሄዳለች ነው የተባልኩት» አሉ። «እናትህ ሚስቱ ትታው ሄዳለች ብለውኝ ነው ልጄን የመረቅኩት።»

ሳልሄድ ሄጃለሁ ተብያለሁ። ሻንጣዬን ሳላነሳ ተሸኝቻለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ያኔ ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ወጣች። ያን ሁሉ ቀን መልኳን ሳላውቅ የረገምኳት ልጅ። ቀጭን ናት፣ ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል፣ ነጭ አዲስ ጫማ አድርጋለች። ሻንጣዋ አሁንም ታስሮ ደፉ ላይ ተቀምጧል።

«ይህን ጠዋት ማለት ያቅትህ ነበር?» አሉ አባቷ።

«አዎ» አለ ባሌ። «ያቅተኝ ነበር።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አዲሱን ጫማዋን አወለቀች። ሁለቱንም በአንድ እጇ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። አባቷም ሻንጣዋን አንስተው ተከተሏት።

እኔ «ሚስት አለኝ» ያለውን እንጂ «ያቅተኝ ነበር» ያለውን አልጠየቅኩትም፤ እሱን ከራሱ ነው ያመጣው። ስንመለስ የአባቴን ቤት መታጠፊያ ሳናቆም አለፍነው። ጥቂት ሄድ እንዳልን «ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» አለኝ። ቡናው እንዴት ሊሆን ነው ብዬ ልተርበው ነበር፤ ተውኩት።

ሄደ። ጋቢናው ላይ እኔ ነበርኩ። ውጤቱ ሲመጣ ወደ እናቱ ቤት ብቻውን ገባና «እማዬ፣ ችግሩ ከእኔ ነው» አላቸው። ከውጭ ሆኜ ሰማሁት። ባሌ ሲወጣ ፊቱ እርጥብ ነበር።

ልጅ ዛሬም የለንም። መኪናዋ አለች፤ ሆዷ ዝጎ ሦስት ጊዜ ተበይዷል፣ አሁንም እጠላታለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አይደል የሚባለው! አማቴ ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ አይጠይቁኝምም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ግን እውነቱን በሰሙ በመጀመሪያው እሑድ፣ ጠዋት ባሌ መኪናዋን አጥቦ ሲያስነሳት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበረንዳው ወረዱ፣ በመኪናዋ አጠገብ አለፉና የግቢው በር ላይ ቆመው ባጃጅ አስጠሩ።